እጅ ያልነካው ሆድ

የልጆችን የምግብ መፍጫ አካላት ሕመም ከርቀት ስለማከምና ስለ ምርምሩ ለሐኪሞች፣ ለነርሶችና ለወላጆች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ

ክቡራትና ክቡራን፣

በአንድ ሳል ልጀምር። ዘመኑ 1879 ነው፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስልክ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ካገኘ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። በዚያ ዓመት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ አጭር ወሬ ወጣ። አንድ ቤተሰብ ሕፃኑን ክሩፕ የሚባለው የጉሮሮ በሽታ የያዘው መስሎት በሌሊት ሐኪሙን በስልክ ይጠራል። ሐኪሙ ሕፃኑን ወደ ስልኩ እንዲያስጠጉለት ይጠይቃል፤ ሳሉን ያዳምጣል፤ ክሩፕ አለመሆኑን ይናገራል። ሁሉም ወደ እንቅልፉ ይመለሳል።

የርቀት ሕክምናን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህችን ወሬ ይወዷታል። እኔ ግን ባነበብኳት ቁጥር ቅናት ቢጤ ይሰማኛል። ሳል በሽቦ ይሄዳል፤ ሆድ አይሄድም። የቆዳ ሐኪም ሽፍታውን በፎቶግራፍ ሊቀበል ይችላል። የሆድ ሐኪም ግን ሙያውን የሚማረው በጣቶቹ ጫፍ ነው፦ የት ጋ ሲጫኑት ልጁ ፊቱን ያጨማድዳል? ጉበቱ ከጎድን አጥንቱ በታች ስንት ጣት ወርዷል? ከታች በግራ በኩል እንደ ጠጠር የሚዳሰስ ሰገራ አለ ወይ? ስለዚህ በ2020 ወረርሽኙ ክሊኒኮቻችንን ዘግቶ ሁላችንንም ስክሪን ፊት ሲያስቀምጠን፣ እኔ ከተጠራጣሪዎቹ ወገን ነበርኩ። እጄን ታስሬ እንድሠራ የተፈረደብኝ ያህል ነው የቆጠርኩት። ያ ጥርጣሬ የት ድረስ ትክክል፣ ከየት ጀምሮ ደግሞ ስህተት እንደነበረ ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

ስህተቱን ያሳየኝ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ነው። እናቱ በቪዲዮ ቀርበው፣ "ዶክተር፣ ይኸው ስድስት ወር ሙሉ ተቅማጥ አላቆም አለው፤ የውስጥ ሱሪው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይበላሻል" አሉኝ። የትል መድኃኒት ወስዷል። ተቅማጥ ማቆሚያ ተሰጥቶት ብሶበታል። የሚበላው ነገር አንድ በአንድ ተቀንሶበታል። ልጁ ከእናቱ ትከሻ ጀርባ ተደብቆ አንድ ዓይኑን ብቻ ያሳየኛል። ሆዱን መንካት አልችልም። ሌላ የምጠይቀው ሲጠፋኝ፣ "እስቲ ስልኩን ይዘው መጸዳጃ ቤቱን ያሳዩኝ" አልኳቸው።

ገረማቸው፤ ግን ሄዱ። ልጁን ልብሱን እንደለበሰ መቀመጫው ላይ እንዲወጣ ጠየቅሁት። ወጣ። እግሮቹ ወለሉን አይነኩም፤ በአየር ላይ ይወዛወዛሉ። እንዳይወድቅ በሁለት እጁ የመቀመጫውን ዳር ጨምድዶ ይዟል። በሩ መቀርቀሪያ የለውም። "እዚህ ስትቀመጥ ምን ይሰማሃል?" አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና፣ "እወድቃለሁ ብዬ እፈራለሁ። እህቴም ትገባብኛለች" አለኝ።

ልጁ ተቅማጥ አልነበረበትም። የነበረበት ድርቀት ነው። በፍርሃትና በሐፍረት የያዘው ሰገራ ለሳምንታት ተጠራቅሞ የአንጀቱን መጨረሻ ወጥሮታል። የተወጠረ አንጀት የመጣበትን ስሜት መለየት ያቆማል፤ ከላይ የሚወርደው ፈሳሽ ደግሞ በደረቁ ዙሪያ እየሾለከ ልብስ ያበላሻል። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ተቅማጥ ማቆሚያ መስጠት በተደፈነ ቦይ ላይ ድንጋይ መጨመር ነው። ይህን ልጅ ከእኔ በፊት ሁለት ሐኪሞች በአካል አይተውታል። እጅ ነበራቸው፤ መጸዳጃ ቤቱን ግን አላዩም።

መቼም ከመካከላችሁ፣ "ሳትነካው እንዴት እርግጠኛ ሆንክ?" የሚል ይኖራል። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት ጨጓራ፣ አንጀትና ጉበት ሐኪሞች ማኅበራት በ2014 ባወጡት የጋራ መመሪያ፣ ምልክቶቹ መስፈርቱን ካሟሉ በፊንጢጣ ጣት አስገብቶ መመርመርም ሆነ ራጅ ማንሳት የዘወትር ግዴታ አይደለም። በልጆች የሆድ ድርቀት ላይ ዋናው መሣሪያ በጥንቃቄ የተሰማ ታሪክ ነው። ለልጁ ፖሊኤትሊን ግላይኮል የተባለውን፣ አንጀት ውስጥ ውኃ እየያዘ ሰገራን የሚያለሰልስ ዱቄት አዘዝኩለት፤ ከምግብ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ እንዲቀመጥ፣ እግሩ ሥር መርገጫ በርጩማ እንዲደረግለት፣ ለበሩም መቀርቀሪያ እንዲገዛ ነገርኳቸው። በሕክምና ሕይወቴ መቀርቀሪያ ያዘዝኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ገልብጬ ማየት ጀመርኩ። እኛ "ርቀት" የምንለው ከማን መራቅን ነው? ክሊኒክ ውስጥ ልጁ ለእኔ ቅርብ ነው፤ እኔ ግን ከሕመሙ ሩቅ ነኝ። የልጆች የሆድ ሕመም የሚኖረው ማዕድ ላይ፣ ፖፖ ላይ፣ ዳይፐር ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ባለችው በዚያች በምትጣደፍ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ወላጅ ይህን ሁሉ በቃል ተሸክሞ ወደ ክሊኒክ ያመጣልናል፤ በመንገድ ላይ ግማሹ ይንጠባጠባል። "ሰገራው እንዴት ነው?" ስንል "ደህና ነው" ይሉናል። ደህና ማለት ምን ማለት ነው? በ1997 የታተመው የብሪስቶል የሰገራ ቅርጽ ሠንጠረዥ ለዚህ ነው የጠቀመን። ሰባት ሥዕሎች አሉት፦ 1 ቁጥር እንደ ፍየል በጠጥ የተነጣጠለና የደረቀ፣ 4 ቁጥር ለስላሳና ወጥ፣ 7 ቁጥር ውኃ። የአምስት ዓመት ልጅ እንኳን ጣቱን አስቀምጦ ያሳያችኋል። ሥዕሉ የቃላትን ሐፍረት ያስቀራል፤ በስልክ ሲላክም ምንም አይጎድልበትም።

በነገራችን ላይ፣ በሙያችን ታላላቅ ከሚባሉት ግኝቶች አንዱ ልጆች ምን እንደሚበሉ ከመመልከት የመጣ ነው። ኔዘርላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ሴሊያክ የተባለው በሽታ ያለባቸው ልጆች ከስንዴ ሲርቁ እንደሚሻላቸው፣ ስንዴ ሲመለስ ደግሞ ሕመሙ እንደሚመለስ አስተዋለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመጨረሻ ክረምት ስንዴ ከአገሩ ሲጠፋ ሌላው ሕፃን ሲከሳ የእርሱ ሕሙማን ግን ተሻላቸው። ጥናቱን በ1950 ለዶክትሬት ማዕረጉ አቀረበው። ዲከ የሆድን ውስጥ የሚያሳየው ኢንዶስኮፕ የተባለ መሣሪያ አልነበረውም፤ የማዕድ መዝገብ ነበረው።

አሁን ስለ አንድ ካርድ ልንገራችሁ፤ ስለ እርሱ ካልተናገርኩ ንግግሬ ጎዶሎ ይሆናል። አንዳንድ ሕፃናት ሲወለዱ ወይም ከተወለዱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከጉበት ወደ አንጀት የሚወርደው የሐሞት ቱቦ ይዘጋል። በአውሮፓ ከ15 ሺህ እስከ 20 ሺህ ሕፃናት መካከል አንዱን፣ በታይዋን ደግሞ ከዚያ በበዛ መጠን ያገኛል። ሐሞት አንጀት ካልደረሰ ሰገራ ቀለሙን ያጣል፤ ነጣ ያለ፣ የኖራ ወይም የሸክላ አፈር ዓይነት መልክ ይይዛል። ጃፓናዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሞሪዮ ካሳይ አንጀትን ከጉበት ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ቀዶ ሕክምና አስተዋውቋል። ችግሩ ጊዜ ነው። ቀዶ ሕክምናው ሕፃኑ 60 ቀን ሳይሞላው ቢደረግ የመሳካት ዕድሉ የተሻለ ነው፤ በዘገየ ቁጥር ጉበት እየደደረ እየተበላሸ ይሄዳል። ብዙ ሕፃናት ደግሞ ሲወለዱ ቢጫ ስለሚሆኑ፣ ቤተሰብም ሐኪምም "ይለቀዋል" እያለ ይጠብቃል። ሕፃኑም ወተቱን ይጠባል፤ ይወፍራል፤ ፈገግ ማለት ይጀምራል። ማንንም አያስደነግጥም።

ታይዋን ያደረገችው ቀላል ነው። በጃፓን ተጀምሮ የነበረውን ሐሳብ ወስዳ በ2004 የሰገራ ቀለም ካርድን ለእያንዳንዱ ሕፃን በሚሰጠው የጤና ደብተር ውስጥ አስገባች። እናት ዳይፐር በቀየረች ቁጥር ቀለሙን ከካርዱ ጋር ታመሳክራለች፤ የሕመም ምልክት ከሆኑት ቀለሞች ከአንዱ ጋር ከገጠመ ትደውላለች። ከዚያ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ቀዶ ሕክምና የሚያገኙት ሕፃናት ድርሻ ጨመረ። ካርዱ ከመምጣቱ በፊትና በኋላ የታከሙትን ያነጻጸረ ጥናት እንዳሳየው አምስት ዓመት በሕይወት የቆዩት ከመቶ 56 ገደማ የነበሩት ወደ 89 ገደማ ከፍ አሉ። ባትሪ የለው፣ ኢንተርኔት የለው፣ የይለፍ ቃል የለው። ለእኔ ከታዩት የርቀት ሕክምና መሣሪያዎች ሁሉ ንጉሡ ይህ ካርድ ነው። ዛሬ ይህንኑ ሥራ በስልክ ካሜራ የሚሠሩ መተግበሪያዎች አሉ፤ የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች የሠሩት ፑፕ ኤምዲ አንዱ ነው። ጥሩ ናቸው። ነገር ግን የስልክ ካሜራ ብርሃኑን በራሱ ስለሚያስተካክል ቀለም ይዋሻል። የዳይፐር ፎቶግራፍ የምትልኩልኝ ወላጆች፣ ከዳይፐሩ አጠገብ ነጭ ወረቀት አስቀምጡና በመስኮት ብርሃን አንሡት። ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ከታየኝ ፎቶግራፉን አላምነውም።

እንግዲህ ወደ ጥርጣሬዬ ልመለስ፤ ትክክል የሆነበትም ቦታ አለና። አራስ ሕፃን አረንጓዴ ካስመለሰ ስልክ ቦታ የለውም። አረንጓዴው ሐሞት ነው፤ አንጀቱ ተጠማዝዞ የደም ሥሩን አንቆ ሊሆን ይችላል፤ ያ አንጀት የሚሞተው በቀናት ሳይሆን በሰዓታት ነው። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ የቪዲዮ ቀጠሮ ማመቻቸት ራሱ ጥፋት ነው፤ ትክክለኛው መልስ "አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ክብ የሰዓት ባትሪ የዋጠ ልጅም እንዲሁ። ጉሮሮው ውስጥ የተሰነቀረ ባትሪ በሁለት ሰዓት ውስጥ ክፉ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል፤ ልጁ ግን እየተጫወተ ሊሆን ይችላልና በስክሪን ላይ ጤነኛ ይመስላችኋል። ደም የተቀላቀለበት ሰገራ፣ እየነፋ የሚጠነክር ሆድ፣ ልጅን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ፣ በተወለደ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያ ሰገራውን ያላወጣ ሕፃን፦ እነዚህ ሁሉ እጅ ይፈልጋሉ።

ተራ ተቅማጥ ግን ከዚህ ዝርዝር ውጭ ነው ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ተቅማጥ በየዓመቱ ወደ 440 ሺህ የሚጠጉ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ይገድላል፤ የሚገድለው በአብዛኛው የፈሳሽ ማጣት ነው። ፈሳሽ ማጣትን ደግሞ ወላጅ በስልክ መመሪያ ሊያየው ይችላል። ዓይኑ ጎድጉዷል? ሲያለቅስ እንባ ይወጣዋል? ከመቼ ወዲህ አልሸናም? የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጠው ሲለቁት ወዲያው ይመለሳል ወይስ ይዘገያል? ሲሰጡት እየተስገበገበ ይጠጣል ወይስ ጽዋውን መያዝ አቅቶታል? የመጨረሻው መልስ "አቅቶታል" ከሆነ ስልኩ ይዘጋል፤ ጉዞ ይጀመራል። ካልሆነ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩንና ዚንኩን በቤት እየሰጡ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ እንደገና መነጋገር ይበቃል።

በዚህ ሥራ ያጠፋሁትንም ልናዘዝ። በክሮንስ በሽታ የምከታተላት አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትኛውንም የምግብ ቧንቧ ክፍል ሊያስቆጣ የሚችል ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት ነው። በቪዲዮ ስትቀርብ ሁልጊዜ ፈገግታ አለ፤ "ደህና ነኝ" አለ። ክብደቷን አባቷ በቤታቸው ሚዛን እየመዘኑ ይነግሩኛል፤ ቁጥሩ አልቀነሰም። ሦስት ቀጠሮ እንዲህ አለፈ። በአራተኛው በአካል መጣች። ከመቀመጫዋ ስትነሣ ነው የደነገጥኩት፤ ከዓመት በፊት በነበረችበት ቁመት ላይ ቆማለች። የቤቱ ሚዛን አንድ ጊዜ ምንጣፍ ላይ፣ አንድ ጊዜ በጫማ፣ አንድ ጊዜ በካፖርት ይመዝን ነበር። ቁመቷን ደግሞ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በስክሪን ላይ ሁሉም ሰው ከደረቱ በላይ ነው፤ ቁመት የለውም። ዕድገት የቆመባት ልጅ ብግነቷ አልበረደም ማለት ነው፤ እኛ ግን አንድ ዓመት አባከንን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምከታተለው ማንኛውም ልጅ በቪዲዮ የቱንም ያህል ደህና ቢመስል በተወሰነ ጊዜ እውነተኛ ሚዛንና እውነተኛ የቁመት መለኪያ ላይ ይቆማል።

ከዚህ ታሪክ ተነሥቼ ወደ ምርምሩ ልግባ። አንድ ሐኪም የገጠመውን ቢያወራ ወሬ ነው፤ የእኔም ሁለቱ ታሪኮች ወሬ ናቸው። ልጆችን በዕጣ ከሁለት ከፍሎ የሚያነጻጽር ጥናት ግን ሌላ ነገር ነው።

በአንጀት ብግነት ላይ የርቀት ክትትልን ያስቻለው ካልፕሮቴክቲን የተባለ ፕሮቲን ነው። አንጀት ሲቆጣ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደዚያ ይጎርፋሉ፤ ይህን ፕሮቲን ይለቁታል፤ ከሰገራ ጋር ይወጣል። በሰገራ ውስጥ ቶሎ አይበላሽምና በፖስታ መላክ ይቻላል፤ ቤት ውስጥ በትንሽ መሣሪያና በስልክ ካሜራ የሚነበብ ዓይነትም አለ። እንግዲህ ልጁ የሕመም ምልክቶቹን በስልክ ይሞላል፣ ናሙናውን ይልካል፣ ሁለቱ ተደምረው "ቆይ፣ ደህና ነህ" ወይም "ና፣ እንይህ" ይላሉ። በኔዘርላንድስ ከ10 እስከ 19 ዓመት የሆናቸው 170 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ በዚህ መንገድ፣ ገሚሶቹ በተለመደው የክሊኒክ ቀጠሮ ተከታተሉ፤ ውጤቱ በ2018 ወጣ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው በሁለቱም ወገን አንድ ሦስተኛ ገደማ ናቸው። ልዩነት የለም። የርቀቱ ወገን ግን ወደ ሆስፒታል የተመላለሰው ባነሰ ቁጥር ነው።

"ልዩነት የለም" የሚለውን አንዳንድ ሰው እንደ ሽንፈት ይሰማዋል። እኔ እንደ ምሥራች ነው የምሰማው። ልጁ ያው ጤና ኖሮት፣ ያልሄደበት እያንዳንዱ ቀጠሮ ያልቀረበት የትምህርት ቀን ነው፤ ለአባት ወይም ለእናት ደግሞ ከሥራ ያልተጠየቀ ፈቃድ። በዴንማርክ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 17 በሆኑ ሕሙማን ላይ የተሠራው ጥናትም ቀጠሮው መቀነሱን ብቻ ሳይሆን ከትምህርት ቤት መቅረትም መቀነሱን አሳይቷል። በ2017 ላንሴት ላይ የወጣው የኔዘርላንድስ ጥናት በ909 አዋቂዎች ላይ ነው፤ እዚያ የሆስፒታል መተኛት ሳይቀር በግማሽ ቀንሷል። ይህን ቁጥር ወስደው ስለ ልጆች የሚናገሩ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ እቃወማለሁ። የአርባ ዓመት ሰው ሰገራውን በጠርሙስ ሞልቶ ፖስታ ቤት ይሄዳል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን ያን ጠርሙስ ከጓደኞቹ ዓይን ለመሰወር ሲል ብቻ ሦስት ወር ይረሳዋል። በልጆች ላይ የተሠሩት ጥናቶች ዋናው ፈተናቸው መሣሪያው ሳይሆን ይህ ነው።

አሁን እጅግ ወደሚያስደስተኝ ጥናት መጣሁ። ብዙ ልጆች ምርመራቸው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሆዳቸው ግን በእርግጥ ይታመማል። ቁስል የለም፣ ብግነት የለም፤ በአንጎልና በአንጀት መካከል ያለው የመልእክት መስመር ነው ድምፁ ከልክ በላይ የተከፈተው። "ምንም የለበትም" የሚለው የሐኪም ቃል እነዚህን ልጆች ውሸታም ያደርጋቸዋል፤ ይህን ቃል ከአፋችን ብናወጣው እወዳለሁ። ለእነርሱ ከተሞከሩት ሕክምናዎች አንዱ በአንጀት ላይ ያተኮረ ሂፕኖሲስ ነው። ስሙ ሰው ያስደነግጣል እንጂ ነገሩ የተመራ ምናብ ነው፦ ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ሰውነቱን ያላላል፤ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሕመም በሐሳቡ እየሣለ ያለዝበዋል። ባለሙያው ግን ጥቂት ነው፤ ወረፋው ረጅም።

ኔዘርላንዳውያኑ ተመራማሪዎች ታዲያ ያንኑ በሲዲ ቀረጹት። ከ8 እስከ 18 ዓመት የሆናቸውን 260 ልጆች በዘጠኝ ሆስፒታሎች ውስጥ በዕጣ ከፈሉ፤ ግማሾቹ ወደ ባለሙያ ለስድስት ጊዜ ሄዱ፣ ግማሾቹ ሲዲውን ቤታቸው አዳመጡ። ሕመሙ ቢያንስ በግማሽ የቀነሰለት ልጅ እንደዳነ ተቆጠረ። ሕክምናው እንዳለቀ ባለሙያ ዘንድ ከሄዱት 50.1 ከመቶ፣ ሲዲ ካዳመጡት 36.8 ከመቶ ነበሩ። ሲዲው የተሸነፈ ይመስላል። ከዓመት በኋላ ግን ቁጥሩ 71.0 እና 62.1 ሆነ፤ ተመራማሪዎቹ አስቀድመው ባስቀመጡት መለኪያም ሲዲው ከባለሙያው ብዙም እንደማያንስ ተረጋገጠ። ልብ በሉ፤ ይህ ኢንተርኔት እንኳን የለውም። ልጁ ማታ አልጋው ላይ ተጋድሞ የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው። ባለሙያ በአቅራቢያው ላለ ልጅ ባለሙያውን እመርጥለታለሁ፤ ቁጥሩም ያንን ነው የሚለው። ወረፋው ዓመት ለሚፈጅበት ልጅ ግን ይህን ድምፅ መንፈግ ምን ምክንያት እንዳለው አላውቅም። በስዊድንም ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው 90 ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር በኢንተርኔት ለአሥር ሳምንት የተከታተሉት የባህርይ ሕክምና ከተለመደው ሕክምና የተሻለ ውጤት ሰጥቷል።

እስካሁን የተናገርኩት በሐኪምና በቤተሰብ መካከል ስላለው ርቀት ነው። በሐኪምና በሐኪም መካከልም ርቀት አለ። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ በ2003 የጉበት ሐኪሙ ሳንጂቭ አሮራ ፕሮጀክት ኤኮን ጀመረ፤ ስፔሻሊስቶች በሳምንታዊ የቪዲዮ ስብሰባ ከሩቅ አካባቢ ጠቅላላ ሐኪሞች ጋር ሕሙማኑን አንድ በአንድ ይወያዩባቸው ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ የታተመው ጥናት 407 የሄፓታይተስ ሲ ሕሙማንን ተመለከተ፦ በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ የታከሙት 57.5 ከመቶ፣ በአካባቢያቸው ሐኪም የታከሙት 58.2 ከመቶ ቫይረሱ ጠፋላቸው። ሕሙማኑ ልጆች ባይሆኑም ትምህርቱ ለእኛ ነው። ብዙ ጊዜ መንገድ መሄድ ያለበት ሕፃኑ ሳይሆን እውቀቱ ነው፤ እጅ ያለው ሐኪም ከልጁ አጠገብ ይቆማል፣ ያን እጅ የት ላይ እንደሚያሳርፍ የሚያውቀው ደግሞ በስክሪን ይነግረዋል። ቪዲዮ ከቤት ብቻ እንዲመጣ ማን ፈረደ?

ስለ ምርምሩ አሠራር አንድ ቅሬታ አለኝ። ልጆች በመድኃኒት ጥናት ሁልጊዜ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ናቸው። ኢንፍሊክሲማብ የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ለአዋቂዎች ክሮንስ የተፈቀደው በ1998፣ ለልጆች በ2006 ነው። አዳሊሙማብ ለአዋቂዎች በ2007፣ ለልጆች በ2014። በነዚያ ሰባትና ስምንት ዓመታት ሐኪሞች ለልጆች መድኃኒቱን የሚሰጡት ከአዋቂ መጠን እየቀነሱ በግምት ነው። ምክንያቱ ክፋት አይደለም፤ በሽታው በልጆች ላይ ጥቂት ስለሆነ አንድ ሆስፒታል ብቻውን በቂ ልጅ አያገኝም፤ ቤተሰብም ለጥናት ሲባል ልጁን በየሁለት ሳምንቱ ሩቅ ማመላለስ አይችልም። የርቀት አሠራር እዚህ ላይ ነው ምርምሩን ራሱን የሚለውጠው። ናሙናው በፖስታ ይምጣ፤ መጠይቁ በስልክ ይሞላ፤ ደም በቅርብ ጤና ተቋም ይቀዳ፤ ልጁ ወደ ጥናቱ ማዕከል በዓመት አንዴ ይምጣ።

ግን አንድ ወጥመድ አለ። በስልክ የሚሠራ ጥናት የሚሰበስበው ስልክ ያላቸውን፣ መስመር ያላቸውን፣ መጠይቅ ማንበብ የሚችሉ ወላጆች ያሏቸውን ልጆች ነው። ከዚያ "መንገዱ ለልጆች ይሠራል" ብለን እንጽፋለን። ለየትኞቹ ልጆች? ጥናቱን አንብቤ የማየው የመጀመሪያው ነገር ማን እንዳልገባበት ነው። ጥሪ ተደርጎላቸው እምቢ ያሉት ስንት ናቸው? አቋርጠው የወጡትስ? ይህን የማይነግረኝ ጥናት የቱንም ያህል ያማረ ሥዕላዊ መግለጫ ቢኖረው ግማሽ ጥናት ነው።

ስለ ፈቃድም እንዲሁ። ወላጅ ይፈርማል፤ ነገሩን መረዳት የሚችል ልጅ ደግሞ በራሱ አንደበት እሺ ማለት አለበት። ይህን በስክሪን ማግኘት ከሚመስለው በላይ ይከብዳል። እናት አጠገቡ ተቀምጣ "እሺ በል እንጂ" ስትለው የተባለ እሺ፣ እሺ አይደለም። የሰውነት ክፍል ፎቶግራፍም ሌላው ጣጣ ነው። ክሮንስ ያለባቸው ልጆች አንዳንዴ በፊንጢጣቸው ዙሪያ ቁስል ይወጣባቸዋል። ያን ፎቶግራፍ ማን አነሣው፣ በማን ስልክ ውስጥ ቀረ፣ የት ተከማቸ? የልጅ ሐፍረተ ሥጋ ምስል በተራ የመልእክት መተግበሪያ እንዲላክልኝ አልቀበልም፤ ለዚያ ልጅ በአካል መምጣት ይሻለዋል። በዚህ ጉዳይ ጓደኞቼ ግትር ይሉኛል። ይበሉኝ።

ወጣቶችን በሚመለከት ደግሞ ቪዲዮ ያልጠበቅሁትን ሰጥቶኛል። በክሊኒክ ከእናቱ ጋር የሚመጣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ዓይኑን ከወለሉ አያነሣም። በቪዲዮ ግን፣ "ለአሥር ደቂቃ ብቻችንን እንነጋገር" ስል ወደ ክፍሉ ይገባና ካሜራውን ያጠፋል፤ በጨለማ ስክሪን ውስጥ ሆኖ መድኃኒቱን ለሁለት ወር እንዳልወሰደ ይነግረኛል። ፊቱን ባለማየቴ ያጣሁት ብዙ ነው። ያን እውነት ግን ፊት ለፊት አላገኝም ነበር።

አንዲት እናት ከመግባቴ በፊት ደጅ ላይ፣ "ለቪዲዮ ቀጠሮ ምን ላዘጋጅ?" ብለው ጠይቀውኛል። የሁለት ሳምንት የሰገራ ማስታወሻ ከሠንጠረዡ ቁጥር ጋር፤ ልጁ የወሰዳቸው መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው፤ በዚያው ሳምንት በጤና ተቋም የተለካ ክብደትና ቁመት፤ የእጅ ባትሪ፤ ልጁ የሚጋደምበት ቦታ። ሆዱን እኔ ባልነካውም እናት በእኔ መሪነት ትነካዋለች፤ የልጁን ፊት ደግሞ እኔ አያለሁ። ከሁሉም በላይ ልጁ ራሱ ይኑር። ልጁ ትምህርት ቤት ሆኖ ስለ ሆዱ ከወላጁ ጋር ስንት ጊዜ እንደተነጋገርን ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ።

ያ የስምንት ዓመት ልጅ ነገር ሳይዘነጋ። ድርቀት በሳምንት አይለቅም፤ መድኃኒቱ ለወራት ነው የሚወሰደው፤ በመካከልም አንድ ጊዜ አገርሽቶበታል። በአምስተኛው ወር በቀጠሮው ሰዓት ስደውል እናቱ አልነበሩም፤ ስልኩን ያነሣው እርሱ ነው። ፊቱን ሙሉ አየሁት። "ዶክተር ቆይ" አለና ስልኩን ወለል ላይ አስቀምጦ ሄደ። ለአምስት ደቂቃ ያህል የመጸዳጃ ቤቱን ጣሪያና የአንድ በርጩማ እግር ስመለከት ቆየሁ። መቀርቀሪያው ሲከፈት ሰማሁ። ተመልሶ መጣና፣ "አራት ቁጥር!" አለኝ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካለ ጊዜ አለን።